ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀቱን አሳዩኝ

ቢሮዬ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ። ጠዋት ቡናዬን ሳልጨርስ ስልኩ ይጮኻል። «እህቴ፣ ዕቃዬ ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብቷል። አሁን ምን ላድርግ?» ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር ሆዴን ባር ባር ይለዋል። በዚያ ሰዓት ማድረግ የሚቻለው ጥቂት ነው። ዋናው ሥራ መሠራት የነበረበት ከወራት በፊት፣ ሻጩ ገና ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) በላከበት ቀን ነው።

የጉምሩክ አስተላላፊ ነኝ። ሰው ትራንዚተር ይለናል። 18 ዓመት ሠርቻለሁ። ያየሁት ኪሳራ አብዛኛው ከኮንትሮባንድ የመጣ አይደለም። ቅን ሰው ነው የሚጎዳው። ላቡን አንጠፍጥፎ ያጠራቀመውን ብር ይዞ፣ ኢንቮይስ (የሻጩ የሽያጭ ሰነድ) ላይ በጎደለች አንዲት ቃል ምክንያት ሲንከራተት ይከርማል። ይህን የምጽፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃ ለማስገባት ወይም ለመላክ ላሰባችሁ ነው።

የማኪያቶው ማሽን

አንድ ወጣት መጣ። ሜክሲኮ አካባቢ ካፌ ሊከፍት ነው። ከጣሊያን የማኪያቶ ማሽን ገዝቷል፤ ባለ ሁለት ግሩፕ (ሁለት ማፍያ ራስ ያለው)፣ ትልቁን። ማሽኑ በአየር መጥቶ ቦሌ ካርጎ ተቀምጧል። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋነው። ኢንቮይሱ ላይ የተጻፈው «ቡና ማፍያ፣ 1» ነው። በቃ። ሞዴል የለ፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉ አልተጻፈ፣ አዲስ ይሁን ያገለገለ አይታወቅ።

እስቲ ይህችን «ቡና ማፍያ» የምትል ቃል እንያት። ጉምሩክ ዕቃን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ ነው። ኤችኤስ ኮድ እንለዋለን። የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች በዓለም ሁሉ አንድ ናቸው፤ የሚከተሉትን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይጨምራል። ቤት ውስጥ የምንጠቀምበት የኤሌክትሪክ ቡና ማፍያ 8516.71 ነው። ካፌ ውስጥ የሚተከለው ትልቁ ማሽን ግን 8419.81 ላይ ነው የሚገኘው። ምዕራፉም ሌላ ነው። የየኮዱን ቀረጥ የሚዘረዝረው ታሪፍ መጽሐፍ የቤት ዕቃንና የሥራ ማሽንን በአንድ ዓይን አያይም። ኢንቮይሱ «ቡና ማፍያ» ብቻ ሲል ባለሙያው የትኛውን ይያዝ? ከፊቱ ያለው ወረቀት የቤት ዕቃ ይመስላል። ሳጥኑ ደግሞ ሁለት ሰው አያነሳውም። ጥያቄ ተነሣ፣ ፍተሻ ታዘዘ፣ ቀናት ሄዱ።

ፍተሻው ላይ ሌላ ጉድ ወጣ። ሳጥኑ ውስጥ አንድ የቡና መፍጫ፣ 24 ስኒና የመለዋወጫ ጎማዎች ነበሩ። ሻጩ በደግነት የጨመረለት ስጦታ ነው። ኢንቮይሱ ላይም፣ በየሳጥኑ ያለው በሚዘረዘርበት ፓኪንግ ሊስት ላይም አልተጻፉም። ልጁ ደንግጦ «ብር እኮ አልከፈልኩበትም!» አለ። እውነቱን ነው። ግን በጉምሩክ ዓይን በነፃ የመጣ ዕቃም ዋጋ አለው። ያልተገለጸ ዕቃ ደግሞ ያልተገለጸ ዕቃ ነው፤ ለቅጣት ይዳርጋል። ሻጩ ስጦታ ልጨምርልህ ካለ ደስ ይበላችሁ፣ ግን በዝርዝሩ ውስጥ ከነዋጋው ይግባ በሉት።

ለዚህ ነው ደንበኞቼን ፕሮፎርማው ሲመጣ፣ ብር ሳይወጣ፣ ወረቀቱን አሳዩኝ የምላቸው። የማየው ይህን ነው። ዕቃው ምንድን ነው? ከምን ተሠራ? ለምን አገልግሎት? ብራንዱና ሞዴሉ? አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ? የት አገር ተመረተ? ስንት ፍሬ፣ ስንት ኪሎ፣ አንዱ በስንት? «የካፌ ኤስፕሬሶ ማሽን፣ ባለ ሁለት ግሩፕ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ አዲስ፣ ጣሊያን የተመረተ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ያ ልጅ ያን ሁሉ ቀን ባልተጉላላ ነበር። ሻጩ ይህን ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ካታሎጉንም አብራችሁ ጠይቁ። ኮዱ ሲያከራክር ከእኔ ንግግር ይልቅ የካታሎጉ ሥዕል ያሳምናል።

ከዚያ ኮዱን ራሳችሁ ታሪፍ መጽሐፉ ላይ ፈልጉት። የሻጩን ኮድ እንዳለ አትቀበሉ። እሱ የጻፈው ለራሱ አገር ኤክስፖርት የሚመቸውን ሊሆን ይችላል። እዚህ የሚጠየቀው አስመጪው ነው።

ሂሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩት

ሰው «ቀረጡ 20 በመቶ ነው አሉኝ» ብሎ ይመጣል። 20 በመቶ ብቻ ይዞ የተነሣ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። ቀረጡ መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው አይደለም።

በምሳሌ ላሳያችሁ። የዕቃው ዋጋ፣ እስከ ኢትዮጵያ መግቢያ ያለው ማጓጓዣና መድኑ ተደምሮ 1,000,000 ብር ሆነ እንበል። ቀረጡ 20 በመቶ ይሁን፣ ኤክሳይስ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ ብቻ የሚጣል ታክስ) የማይከፈልበት ዕቃ ይሁን። ቀረጡ 200,000 ብር ነው። ቫት የሚሰላው በሚሊዮኑ ላይ ሳይሆን ቀረጡ በተጨመረበት በ1,200,000 ላይ ነው። 15 በመቶው 180,000 ይሆናል። ሱር ታክስ የሚባለው ተጨማሪ ታክስ ደግሞ እስካሁን በተደመረው ሁሉ፣ ማለትም በ1,380,000 ላይ 10 በመቶ ነው፤ 138,000። ከዚያ ከመነሻው ሚሊዮን ላይ 3 በመቶ ቅድመ ግብር፣ 30,000። ለማኅበራዊ ጉዳይ የሚሰበሰበው ሶሻል ዌልፌር ሌቪም 3 በመቶ ነው፤ ሌላ 30,000። ደምሩት። 578,000 ብር። ከዕቃው ዋጋ ከግማሽ በላይ ማለት ነው።

ኤክሳይስ ያለበት ዕቃ ከሆነ ኤክሳይሱ ከቀረጡ ቀጥሎ ይገባና ቫቱንም ሱር ታክሱንም ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። በሌላ በኩል ከሱር ታክስ ነፃ የሆኑ ዕቃዎች አሉ። የማምረቻ ማሽን ለሚያስገባ ባለሀብትም የማበረታቻ መብት አለ። የእናንተ ዕቃ የትኛው ጋ እንደሚወድቅ የሚነግራችሁ ያው ኮዱ ነው።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ከ578,000ው ሁሉም ወጪ ሆኖ አይቀርም። የቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ የከፈላችሁትን ቫት ከምትሰበስቡት ላይ ታቀናንሳላችሁ። ቅድመ ግብሩም በዓመቱ መጨረሻ ከትርፍ ግብራችሁ ይታሰባል። ደረሰኙን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት።

ሂሳቡን ስትሠሩ ምንዛሬውን አትርሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ብዙ ደንበኞቼ መንገድ ላይ ዕቃ ነበራቸው። በ57 ብር ገደማ ያሰሉት ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የጨመረው የዕቃው ዋጋ ብቻ አልነበረም። ቀረጡ በብር የሚሰላው ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) በሚመዘገብበት ጊዜ ባለው ምንዛሬ ስለሆነ ከላይ ያለው መሰላል በሙሉ አብሮ ወጣ። አንዲት እናት የልብስ ስፌት ማሽኖቿን ለማውጣት ወርቋን ሸጣለች። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰው ሂሳብ ስሠራ ከቀረጡ በላይ መጠባበቂያ ሳላስይዝ አልለቀውም።

«ኢንቮይሱን ዝቅ አድርጎ ይጻፍልኝ»

ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ። እምቢ ነው የምለው። እምቢ የምልበትን ምክንያትም ቁጭ አድርጌ አስረዳለሁ።

በጉምሩክ አዋጁ፣ በ859/2006 እና ባሻሻለው 1160/2011፣ የዋጋ መነሻው በእውነት የከፈላችሁት ዋጋ ነው። ጉምሩክ ያን ዋጋ ከተጠራጠረ ግን ይተወዋል። ወደ ተመሳሳይ ዕቃ ዋጋ ይሄዳል። ያ ካልተገኘ ወደ ተቀራራቢው፤ እያለ በቅደም ተከተል ይወርዳል። ሌሎች አስመጪዎች ያስመዘገቡት ዋጋ እጁ ላይ አለ። ዝቅ ያለው ኢንቮይስ ያኔ ዋጋ ቢስ ይሆናል። እናንተም እውነተኛ ነገር ብትናገሩ እንኳ የሚያምናችሁ አታገኙም።

ሰዎች የማያስቡት ሌላም አለ። ዕቃውን ሸጣችሁ የትርፍ ግብር ስትከፍሉ ወጪያችሁ የሚያዘው በዚያው ወረቀት ነው። በ400,000 የገዛችሁትን 200,000 ካስባላችሁት የጎደለው 200,000 ትርፍ ሆኖ ይቆጠርና ግብር ይወጣበታል። ዕቃው መንገድ ላይ ቢገለበጥም መድን ድርጅቱ የሚያየው ያችኑ ወረቀት ነው።

ዋጋው ከፍ ብሎ ተተምኖባችሁ ግን የእናንተ እውነተኛ ከሆነ ዝም አትበሉ። ውል፣ የባንክ ክፍያ ማስረጃ፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ይዛችሁ በጽሑፍ አቤት በሉ። በጉምሩክ ውስጥ አቤቱታ የሚታይበት መንገድ አለ። ከዚያም በላይ የግብር ይግባኝ ኮሚሽን አለ። ቀነ ገደቡ አጭር ስለሆነ ውሳኔው በደረሳችሁ ዕለት ጀምሩ።

ባንክና ፈቃድ

ባንኩን በአጭሩ ልለፈው። የአስመጪነት ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር ይዛችሁ ትቀርባላችሁ። ክፍያው በኤልሲ (ባንክ ዋስ የሚሆንበት)፣ በሲኤዲ (ሰነዱ ባንክ ሲደርስ የሚከፈል) ወይም በቲቲ (ቀጥታ የባንክ ሐዋላ) ይሆናል። ኤልሲ ወረቀት ሲሟላ ብቻ ስለሚከፍል ሻጩን ለማታውቁት ሰው ይሻላል። የባንክ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው የዕቃ ስምና ኋላ የሚመጣው ኢንቮይስ ቃል በቃል መግጠም አለባቸው።

ዕቃው የሚጠይቀው የመሥሪያ ቤት ፈቃድ ላይ ግን ቆም በሉ። ምግብ፣ መድኃኒት፣ መዋቢያና የሕክምና መሣሪያ ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለበት። ዘርና ተክል የግብርናውን መሥሪያ ቤት ይፈልጋል። የሬዲዮ መገናኛ መሣሪያ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ ድሮን ደግሞ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር)። ፈቃዱ የሚወጣው ዕቃው ከመጫኑ በፊት ነው። ዛሬ በ2012 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት ብዙዎቹን ከቢሮ ሳትወጡ ማመልከት ትችላላችሁ። ድሮ ለአንድ ፈቃድ ከለገሃር እስከ አራት ኪሎ ፋይል ታቅፌ የተመላለስኩትን ሳስታውስ ለአዲሶቹ ልጆች ደስ ይለኛል።

ልባሽ ጨርቅ አይገባም። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪናም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ተከልክሏል። በ2015 መጀመሪያ ላይ ታግደው የነበሩት 38 ዓይነት ዕቃዎች ግን ከምንዛሬው ማሻሻያ ጋር ተፈቅደዋል። አሁንም «ያ ዕቃ ክልክል ነው» የሚሏችሁ የድሮውን ይዘው ነው።

ከጅቡቲ እስከ ሞጆ

በመርከብ የሚመጣ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ነው የሚገባው። መኪናው በጋላፊ፣ ባቡሩ በደወሌ በኩል ያልፋል። መልቲሞዳል ከሆነ አጓጓዡ ከመነሻው ወደብ እስከ ሞጆ ወይም ሌላ ደረቅ ወደብ ድረስ በአንድ ሰነድ ያመጣላችኋል። ዩኒሞዳል ከሆነ የጅቡቲውን ሥራ የምትጨርሱት እናንተ ናችሁ፤ እዚያ ሰው ያስፈልጋችኋል።

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልናገር። በሥራው ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የአንድ አባት የቆርቆሮ ኮንቴይነር ነበር። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) በኮፒ መጣልኝ። ስሙን አየሁ፣ ክብደቱን አየሁ፣ ተቀበልኩት። የኮንቴይነር ቁጥር 4 ፊደልና 7 አሃዝ ነው። ጫኙ ድርጅት ሁለት አሃዞችን አቀያይሮ ጽፏቸው ኖሯል። ኮንቴይነሩ አለ፤ በወረቀቱ ግን የለም። እርማቱ 11 ቀን ፈጀ። የመጋዘኑ ኪራይ፣ የኮንቴይነሩ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) በየቀኑ ይቆጥራል። ሰውየው አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። «ልጄ፣ ትማሪበታለሽ» ብቻ አሉኝ። ግማሹን ከደሞዜ ከፈልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦሪጅናሉ ከመታተሙ በፊት ረቂቁ ይላክልኝ እላለሁ። ማስመሪያ አስቀምጬ፣ ጣቴን በእያንዳንዱ አሃዝ ላይ እያሳረፍኩ፣ ከፓኪንግ ሊስቱና ከማሸጊያ ቁጥሩ ጋር አስተያያለሁ። የመጨረሻዋ አሃዝ ማረጋገጫ ናት። ከፊቷ ካሉት ፊደላትና ቁጥሮች ተሰልታ ስለምትወጣ ስሕተቱን ታጋልጣለች። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ረቂቅ ላይ ማረም ነፃ ነው ወይም በጣም ርካሽ ነው።

ባዶ ኮንቴይነሩን በጊዜ መመለስም የእናንተው ኃላፊነት ነው። ዕቃው መጋዘን ገባ ብላችሁ እንዳትረሱት።

ዲክላራሲዮኑ ከገባ በኋላ ሲስተሙ በሥጋት ደረጃ ቀለም ይሰጠዋል። አረንጓዴ ከሆነ ያልፋል። ቢጫ ከሆነ ሰነዱ ይመረመራል። ቀይ ከሆነ ዕቃው ራሱ ይፈተሻል። ቀይ ወጣ ብላችሁ አትሸበሩ፣ ደላላም አትፈልጉ። ዕቃችሁ ወረቀቱን የሚመስል ከሆነ የሚፈተሸው ለእናንተ ምስክር ሊሆን ነው። ሳጥኖቹ ላይ ቁጥር ይኑር፤ ቁጥሩም ፓኪንግ ሊስቱ ላይ ይኑር። ፈታሹ «ሳጥን 7ን ክፈቱ» ሲል ሰባተኛውን ለመፈለግ ኮንቴይነሩ በሙሉ አይራገፍም።

ለምትልኩ

መላክ ቀላል ነው ይባላል። በቀረጡ በኩል እውነት ነው። ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ቫቱ ዜሮ ነው፤ አብዛኛውም የወጪ ቀረጥ የለበትም። ጥሬ ቆዳ ላይ ግን 150 በመቶ ታክስ ተጥሎ ያውቃል፤ ይህም ቆዳው እዚሁ ተለፍቶ፣ ጫማና ቦርሳ ሆኖ እንዲወጣ ነው።

ቸርችል ጎዳና ላይ የባህል ልብስ የምትሸጥ እህት አለች። ዋሽንግተን ያለች ደንበኛዋ 60 ነጠላና 15 የቆዳ ቦርሳ አዘዘቻት። መጀመሪያ ያመጣችልኝ ዝርዝር «የባህል ዕቃዎች» ይላል። ነጠላው የጥጥ ሽመና ነው፤ እንደ ሻርፕ 6214 ላይ ይወድቃል። ቦርሳው 4202 ነው። ሁለቱን ለያይተን ጻፍን፤ ከምን እንደተሠሩ፣ ስንት ግራም፣ አንዱ በስንት። ይህን የምናደርገው ለእኛ ጉምሩክ ብቻ አይደለም። እዚያ ዕቃውን የሚቀበለው ጉምሩክም በዚሁ ወረቀት ነው ደንበኛዋን የሚያስከፍላት።

ካርቶኑ ውስጥ ለማስዋቢያ ብላ 5 የብር መስቀሎችና አንድ ያረጀ የብራና ቅጠል ጨምራ ነበር። ብራናውን ቶሎ አስወጣሁት። ቅርስ ከአገር አይወጣም። መስቀሎቹ አዲስ ቢሆኑም አሮጌ ስለሚመስሉ ከቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ ያስፈልጋቸዋል። ኤርፖርት ላይ ይህ ወረቀት የሌለው ዕቃ ይያዛል፤ መያዙም ልክ ነው። ስንት መጽሐፍና ስንት ታቦት ከዚህ አገር እንደወጣ የምናውቅ ሰዎች ነን።

ከዚያ ሽያጭ ውሉን ይዛ ባንኳ ሄደች፤ የኤክስፖርት ፈቃዱን ከባንክ አወጣች። ገንዘቡ ተመልሶ በባንክ መግባት አለበት። በ2016ቱ ማሻሻያ ላኪ ከገቢው ግማሹን በውጭ ምንዛሬ አካውንቱ እንዲይዝ ተፈቅዷል። ሜክሲኮ አደባባይ ካለው ንግድ ምክር ቤት የትውልድ አገር ማረጋገጫ (ዕቃው የት እንደተመረተ የሚመሰክር ወረቀት) አመጣች።

ይህ ማረጋገጫ የሚጠቅመው እንደምትልኩበት አገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከእኛ የሚሄደውን ከጦር መሣሪያ በቀር ከቀረጥ ነፃ ይቀበላል፤ ኢትዮጵያዊ መሆኑ በትክክል ከተረጋገጠ። አሜሪካ ግን ከጥር 2022 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ጀምሮ ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሏ፣ አስወጥታናለች። ከ800 ዶላር በታች የሆነ ጥቅል ያለ ቀረጥ የሚገባበት መንገድም ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። ለአሜሪካ ደንበኛችሁ ዋጋ ስትነግሩ እዚያ የሚከፈለው የማን እንደሆነ በጽሑፍ ተስማሙ። ያች እህት ይህን አስቀድማ ስለነገረቻት ደንበኛዋ አልተቀየመቻትም። ጥቅሉ ከቦሌ በወጣ በሳምንቱ «ደረሰ» ብላ ነጠላውን ለብሳ ፎቶ ላከችላት።

ዕቃው ከወጣ ወይም ከገባ በኋላ ፋይሉን አትጣሉት። ጉምሩክ ዕቃ ከለቀቀ በኋላም መጥቶ ሰነድ ይመረምራል። እኔ የእያንዳንዱን ደንበኛ ዲክላራሲዮን፣ ኢንቮይስ፣ የባንክ ፈቃድና ደረሰኝ በአንድ አቃፊ አስሬ 5 ዓመት አስቀምጣለሁ። አንድ ኮፒ ለእናንተም እሰጣለሁ። ከሱቃችሁ ውጭ፣ ቤታችሁ አስቀምጡት።